ጉልበቱን አታሳሺው፦ ስለ ሄሞፊሊያ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ በሽታ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። ሁለቱ የበሽታውን ስም ያውቁታል። አንዷ አታውቀውም፣ ግን ከሁሉም አጥርታ የገለጸችው እሷ ናት። ስለዚህ ከእሷ ልጀምርና ቦታውንም ለእሷ በዛ አድርጌ ልስጥ።

«ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ሲገረዝ ደሙ ሦስት ቀን አልቆም ብሎ ተስፋ ቆርጠን ነበር፣ በእግዜር ቸርነት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ነገር ሲነካው ይበልዛል። አሁን ደግሞ ሳይወድቅ ሳይመታ ጉልበቱ አብጦ ያድራል። ዘንድሮ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ቁርጥማት ነው ብለው መርፌ ወጉት፣ የተወጋበት ቦታ እንቁላል አክሎ አበጠ። ወጌሻ ይሸው የሚሉኝ አሉ። ታላቅ ወንድሜ እኔ ሳልወለድ በግርዛቱ ደም ፈሶት ነው የሞተው ይባላል። የባለቤቴ ቤተሰቦች ‹ከዘርሽ ያመጣሽው እርግማን ነው› ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ይህን ስታነቢ ጉልበቱ አብጦ ከሆነ ንባቡን ተዪውና ልጁን አስተኚው። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊለት። በረዶ ካገኘሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ለሩብ ሰዓት ያህል ያዢበት። ከሌለ ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ጨርቅም ይሆናል። ሳታጠብቂ በላስቲክ ፋሻ እሰሪለት። አታሺው፣ ማንም እንዳያሸው። ከዚያ ይዘሽው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሂጂ።

በደብዳቤ በሽታ አይመረመርም፣ ደሙ ላብራቶሪ መግባት አለበት። ግን የግርዛቱ ደም፣ የሚበልዘው ገላው፣ የመርፌው እብጠት፣ ጉልበቱ፣ ከዚያ ደግሞ የወንድምሽ ነገር አንድ ላይ ሲታዩ ሄሞፊሊያ የሚባለውን በሽታ ነው የሚመስሉት። ደም ከሥሩ ሲወጣ እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖች አሉ። ተራ በተራ ነው የሚሠሩት፣ አንዱ ቀጣዩን ይቀሰቅሰዋል። ሐኪሞች ፋክተር ብለው በቁጥር ይጠሯቸዋል። 8ኛው ካነሰ ወይም ከሌለ ሄሞፊሊያ ኤ ነው። 9ኛው ከሆነ ሄሞፊሊያ ቢ። ኤው ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይታያል። ቢው ከዚያም ያነሰ ነው፣ ከ25,000 እስከ 30,000 ወንዶች አንድ ቢገኝ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሄሞፊሊያ ልጅ ጣቱን በምላጭ ቢቆርጥ ደሙ ተንዠቅዥቆ ያልቃል ብለው ይፈራሉ። እንደዚያ አይደለም። ከሌላው ሰው ፈጥኖ አይደማም፣ ትንሽ ጭረትማ ጫን አድርገው ከያዙት ይቆማል። የሚለየው አንዴ የጀመረው ደም ቶሎ አለመቆሙ ነው። የሚያስፈራው ደግሞ ውጭ ያለው ደም ሳይሆን ውስጥ ያለው ነው። ጉልበት ውስጥ፣ ክርን ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚት ውስጥ፣ ጡንቻ ውስጥ፣ ሲብስም ጭንቅላት ውስጥ።

ነርስ ነኝና ያየሁትን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረው ክፍል አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ተኝቶ ነበር። ጠዋት ላይ ጠራኝና «ሲስተር፣ ጉልበቴ ውስጥ ሙቅ ውኃ እየገባ ነው» አለኝ። አየሁት። ሁለቱ ጉልበቶቹ እኩል ናቸው። በሜትር ለካሁት፣ ያው ነው። ምናልባት ሰው ናፍቆት ነው ብዬ ራሱን ዳብሼው ሄድኩ። ማታ ስመለስ ጉልበቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ እግሩን አጥፎ ይዞ መዘርጋት አልቻለም። አላለቀሰም። ጠዋት ነግሬሽ ነበር በሚል ዓይን አየኝ ብቻ። ያ ልጅ ከሜትሩ ይልቅ ትክክል ነበር። እነዚህ ልጆች ደሙ መፍሰስ ሲጀምር ያውቁታል፣ ይሞቃቸዋል ወይም ይነዝራቸዋል፣ ሌላው ሰው እብጠቱን የሚያየው ከሰዓታት በኋላ ነው። ልጅሽ «ጉልበቴን» ሲልሽ ያን ጊዜውኑ እመኚው። እስኪያብጥ አትጠብቂ።

ለምን እቸኩላለሁ መሰለሽ? መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ደም ዝም ብሎ ተመጥጦ የሚጠፋ ነገር አይደለም። በደሙ ውስጥ ያለው ብረት የመገጣጠሚያውን ስስ ሽፋን ያቆስለዋል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ አዳዲስ የደም ሥሮች ያበቅላል። እነዚያ ደግሞ በትንሽ ነገር ይደማሉ። አንድ ጉልበት ደጋግሞ የሚያብጠው ለዚህ ነው። በየጊዜው የአጥንቱን ልስልስ ጫፍ እየበላው ይሄድና ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው እግሩ አልዘረጋ ይላል። ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ልጅሽ ገና አምስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ማዳን ይቻላል።

ወጌሻ የምንቅ ሰው አይደለሁም። የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ አይቻለሁ። ግን ደም የሞላበትን ጉልበት ማሸት ሊረጋ የጀመረውን ደም መልሶ መቀስቀስ ነው። እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ ዋግምት፣ እነዚህ ሁሉ ለዚህ ልጅ በፍጹም አይሆኑም። አያቱም ይወቁ፣ አክስቱም ትወቅ፣ አንቺ ገበያ በሄድሽበት ቀን ደግ ያደረጉ መስሏቸው እንዳይወስዱት።

ሕክምና ቤትም ቢሆን ቀድመሽ ተናገሪ። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ደም ያጠራቅማል፣ አንቺም አይተሽዋል። ሕመም ሲኖረው ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን አይሰጠው። ሦስቱም የደሙን መርጋት የባሰ ያዳክሙታል፣ ዲክሎው ደግሞ ጉልበት ላበጠ ሰው ሁሉ የሚታዘዝ መድኃኒት ስለሆነ ነው አስምሬ የምነግርሽ። ፓራሲታሞል ይሆነዋል። ክትባቱን ግን እንዳታስቀሪበት። በቀጭን መርፌ ይሰጠውና የተወጋበትን ቦታ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳያሹ ጫን አድርገው ይያዙለት። ጭንቅላቱን ከተመታ ምንም ባይታይበትም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጂው። ራሱን እስኪያመው ወይም እስኪያስመልሰው ጠብቀሽ አይደለም።

ምን ይመርመር? ፒቲ እና ፒቲቲ የሚባሉ የደም መርጋት ምርመራዎች አሉ። በሄሞፊሊያ ፒቲው ደህና ሆኖ ፒቲቲው ይረዝማል። ከዚያ የ8ኛው ወይም የ9ኛው ፋክተር መጠን ይለካል። ከጤነኛው 1 በመቶ የማይሞላ ከሆነ ከባዱ ዓይነት ነው፣ ሳይመታ የሚያብጠው እሱ ነው። ከ1 እስከ 5 ያለው መካከለኛ ነው። እስከ 40 የሚደርሰው ቀላሉ ሲሆን ጥርስ እስኪነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና እስኪደረግ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። የሚለካበት ቦታ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ሐኪሞች ይከታተሏቸዋል፣ ሪፈር ጻፉልኝ ብለሽ ጠይቂ። ለሐኪሙ ስትነግሪው በጉልበቱ አትጀምሪ። «ሲገረዝ ሦስት ቀን ደማ፣ የእናቱ ወንድምም በግርዛት ደም ሞቷል» ብለሽ ጀምሪ። ይህን የሰማ ሐኪም ቁርጥማት አይልሽም።

ሕክምናው የጎደለውን ፋክተር በደም ሥር መስጠት ነው። ቶሎ ከተሰጠ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ቢሆን ደግሞ እሰየው፣ ጉልበቱ ሳያብጥ ይቆማል። ፋክተር ውድ ነው። ብዙ ድሃ አገሮች የሚያገኙት ከዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በሚመጣ እርዳታ ነው። ፌዴሬሽኑን እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋመው ፍራንክ ሽናቤል ራሱ የሄሞፊሊያ ታማሚ ነበር። የልደቱ ቀን፣ በእኛ ሚያዝያ 9፣ ዛሬ የዓለም የሄሞፊሊያ ቀን ነው። ፋክተር ባልተገኘበት ሰዓት ከተለገሰ ደም የሚዘጋጅ ፕላዝማ (የደሙ ውኃማ ክፍል) ይረዳል፣ ለሄሞፊሊያ ኤ ደግሞ ከፕላዝማው የሚወጣው ክራዮ የሚባለው ይሻላል። ጥርሱ ሲወልቅ አፉ ቢደማ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት አለ፣ እሱንም ሐኪሙን ጠይቂው።

አሁን ሆድ ወዳስባሰሽ ነገር እንምጣ። ከአንቺ ነው ወይ? እውነቱን ልንገርሽ። ፋክተሩ እንዲሠራ የሚያዘው የዘር መልእክት የሚቀመጠው ኤክስ በሚባለው የዘር ክር ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፣ አንዱ ቢበላሽ ብዙውን ጊዜ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ እሱንም ከእናቱ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ አዎ፣ በአንቺ በኩል አልፎ ሊሆን ይችላል። ግን ማለፍና ማጥፋት ለየቅል ናቸው። እናትሽም ከእናቷ ወይም ከአባቷ ተቀብላው ይሆናል፣ ማንም መርጦ አልወሰደውም። ደግሞ ከታማሚዎቹ ሲሶ የሚሆኑት በዘራቸው ማንም ታሞ የማያውቅ ናቸው፣ ለውጡ በእነሱ ወይም በእናታቸው ይጀምራል። የማንም ቤት ሊገባ የሚችል ነው ማለት ነው።

ለባለቤትሽ ቤተሰቦች ይህንንም ንገሪያቸው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ተሸካሚ ነበረች፣ የተበላሸውን ኤክስ ይዛ ለልጆቿ የምታሳልፍ ማለት ነው። ልጇ ልዑል ሊዮፖልድ እ.ኤ.አ. በ1884 ወድቆ ደም ፈሶት ሞተ፣ ገና 30 ዓመቱ ነበር። በሴት ልጆቿ በኩል አልፎ የሩሲያው ንጉሥ፣ ዛር የሚባለው፣ ቤት ገባ። አልጋ ወራሹ አሌክሲ ሄሞፊሊያ ነበረበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተደረገ የዲኤንኤ ምርመራም ቢው ዓይነት እንደነበር አረጋግጧል። ዛሩ ያን ሁሉ ሐኪም ይዞ ልጁን ማዳን አልቻለም፣ ፋክተር የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ያንቺ ልጅ በዚህ ከዛሩ ልጅ የተሻለ ዕድል አለው።

ሌላ ልጅ ብትወልጂስ? ተሸካሚ ከሆንሽ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ። መውለድ አትችዪም የሚልሽ አትስሚ። ስታረግዢ ግን ሆስፒታል ተከታተዪ፣ እንደያዘሽም ለአዋላጆቹ ንገሪያቸው። ሕፃኑን በመሳቢያ መሣሪያ ጎትቶ ማውጣት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሊያፈስበት ይችላል።

ሁለተኛው ደብዳቤ ከቨርጂኒያ ነው። «የእናቴ ወንድም ሄሞፊሊያ ነበረበት፣ አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜም ኤው ዓይነት አለበት። እኔ በቅርቡ ላገባ ነው። ሴት አትታመምም ስለሚባል ተመርምሬ አላውቅም። የወር አበባዬ ግን ስምንት ዘጠኝ ቀን ይፈሳል። ለእጮኛዬ ልንገረው? ለወንድሜስ መድኃኒት ልላክለት?»

እህቴ፣ አጎትሽም ወንድምሽም ካለባቸው እናትሽ ተሸካሚ ናት፣ አንቺ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ነሽ። ሴት አትታመምም የሚባለው ስህተት ነው። ከተሸካሚዎች መካከል የራሳቸው ፋክተር ዝቅ ያለ ብዙዎች አሉ። የወር አበባ የሚበዛባቸው፣ ሲወልዱ ወይም ጥርስ ሲነቀሉ ከልክ በላይ የሚደሙ እነሱ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉም «የሴት ነገር ነው» እየተባሉ ይኖራሉ። ዘጠኝ ቀን ልማድ አይደለም። የፋክተር 8 መጠንሽን አስለኪ። ደህና ሆኖ ቢገኝም ግን ተሸካሚ አይደለሁም ብለሽ አትደምድሚ፣ እሱን የሚለየው የዘር ምርመራ ነው። ቀላሉ መንገድ መጀመሪያ የወንድምሽን ደም መርምሮ ስህተቱ የት ቦታ እንደሆነ ማወቅና ያንኑ አንቺ ላይ መፈለግ ነው። ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው ግማሽ በሚጠጉት ላይ ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው፣ የዘር መልእክቱ ከፊሉ ተገልብጦ ይገኛል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።

ለእጮኛሽ ንገሪው። አሁን፣ ሽማግሌ ሳይላክ። ነገ ልጅ ወልዳችሁ ደሙ አልቆም ሲል ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቅ አባት ያስፈልግሻል፣ ስትነግሪውም የምርመራ ወረቀትሽን ይዘሽ ቢሆን ወሬው በግምት አይሆንም።

ለወንድምሽ ሐኪሙን ሳታማክሪ ፋክተር በሻንጣ አትላኪ። ዓይነቱና መጠኑ በእሱ ልክ መሆን አለበት፣ አብዛኛውም ቅዝቃዜ ይፈልጋል። አድቪል ደግሞ በፍጹም አትላኪለት። አይቡፕሮፌን ነው። ወገኖቻችን ከአሜሪካ ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ስለማይጠፋ ነው ስሙን የጠራሁት። ታይሌኖል ግን ፓራሲታሞል ማለት ነው፣ እሱ ይሆናል። ስለ አዲሱ መድኃኒት ሰምተሽ ይሆናል፣ ኤሚሲዙማብ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የተፈቀደ ነው። የ8ኛውን ፋክተር ሥራ ተክቶ ይሠራል፣ ከቆዳ ሥር በየሳምንቱ፣ በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወጋል፣ ደም ሥር ፍለጋ የለም። ወንድምሽ ኤው ዓይነት ስለሆነ ሐኪሙን በዚህ ጉዳይ ማናገሩ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ለቢው ዓይነት የጂን (የዘር መልእክት) ሕክምና ተፈቅዷል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ፣ ሲፈቀድ ዋጋው 3.5 ሚሊዮን ዶላር። ቁጥሩን ስጽፈው እጄ ከበደኝ። በደብረ ብርሃኗ እናትና በዚህ ዋጋ መካከል ያለውን ርቀት ሳስብ ያመኛል።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከጎንደር፣ ከአንድ አያት ነው። «ሴት ልጄ የመጀመሪያ ልጇ ሄሞፊሊያ ነው ተብሎ ይታከማል። ከሦስት ሳምንት በፊት ወንድ ልጅ ደግማለች። ሐኪሙ ሳይመረመር አይገረዝ ብሎ ስምንተኛው ቀን አለፈ። በዲቁና ያደግሁ ሰው ነኝና ሥርዓት ሲፈርስ ይከብደኛል። ጎረቤቱም ይጠይቃል። ምን ልበል?»

አባቴ፣ ሐኪሙ ያለው ልክ ነው፣ ልጅዎም በመስማቷ ልትመሰገን ይገባል። የሕፃኑን ደም አስመርምሩ። 8ኛው ፋክተር ገና ከተወለደ ጀምሮ ይለካል። 9ኛው ግን በማንኛውም ጨቅላ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀላሉን ዓይነት ለመለየት ከስድስት ወር በኋላ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። ታላቁ ልጅ የትኛው ዓይነት እንዳለበት ለሐኪሙ ይንገሩት። ነፃ ከሆነ በማንኛውም ቀን ይገረዛል። በሽታው ካለበትም በኋላ ላይ ሆስፒታል ውስጥ፣ ፋክተር ተሰጥቶት ሊገረዝ ይችላል። ቤት ውስጥ፣ ገራዥ ተጠርቶ ግን አይሆንም።

ስለ ስምንተኛው ቀን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልዎ። በስምንተኛው ቀን መገረዝን እንደ አይሁድ አጥብቆ የያዘ ሕዝብ የለም። ታልሙድ የሚባለው የሕግ መጽሐፋቸው ግን ከ1,500 ዓመት በፊት ይህንኑ አይቶታል። የአንዲት እናት ሁለት ልጆች በግርዛት ከሞቱ ሦስተኛው አይገረዝ የሚል አለበት። የአራት እህትማማቾች ታሪክም አለበት። የሦስቱ ልጆች ተገርዘው ሞቱ፣ አራተኛዋ ስትጠይቅ ልጅሽን አትግረዢ ተባለች። ስለ ኤክስ የዘር ክር የሚያውቅ ሰው በሌለበት ዘመን ነገሩ በእህትማማቾች በኩል እንደሚሄድ አስተውለው ሕጉን ለሕፃኑ ሲሉ አዘገዩት።

ጎረቤት ሲጠይቅዎ «ሐኪም አቆይቶናል» ይበሉ፣ ይበቃል። የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ። የሚዘገየው ግርዛቱ ብቻ ነው። ክርስትናው በአርባ ቀኑ ይሁን፣ እሱን የሚያስቀር ነገር የለም። ታላቅ ወንድሙንም ያልብሱትና ይዘውት ይሂዱ፣ ጉልበቱን ካላመመው።